በብራ ወራት የጓሮ አትክልትና አበባ እድገት፦ ከጣራ ገዳም ግርጌ እስከ ፎገራ ሜዳ

ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ሲጠራ፣ የሊቦ ከምከምና የፎገራ ምድር መልኩን ይለውጣል። ጋራው በአደይ አበባ ይሸፈናል፤ የርብና የጉማራ ወንዞች ከሜዳው ላይ ውኃቸውን ሰብስበው ወደ መደበኛ ጎዳናቸው ይመለሳሉ፤ የኑጉ ማሳ ቢጫ ሆኖ ንቦች ይሰማሩበታል። በዚህ ጊዜ በጓሮው አትክልት የሚተክል ሰው ሁሉ ፀሐዩን አይቶ ደስ ይለዋል። በጥቅምት ወር የተተከለ ጎመን በየቀኑ ሲያድግ ይታያል፤ ቆስጣውም ቅጠሉ ይሰፋል፤ ዱባውም በአጥሩ ላይ ይሳባል። ብዙ ሰው ይህን አይቶ የመደቡን ቁጥር ይጨምራል። በጥርና በየካቲት ግን ያው ጓሮ ቢጫ ሆኖ ይገኛል። ዘንድሮ ለዚህ ትምህርት ይህን አርእስት የመረጥነው፣ ምእመናን በየቤታቸው፣ ካቴኪስቶችም በየቁምስናው ቅጥር ግቢ የሚያለሟት ትንሽ ጓሮ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ሳትቋረጥ እንድትዘልቅ ነው።

የሀገራችን አቆጣጠር ዓመቱን በአራት እንደሚከፍለው የታወቀ ነው። ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ቀን መጸው ይባላል፤ ከዚያ በኋላ እስከ መጋቢት 25 ቀን በጋ ነው። እኛ በተለምዶ ሁለቱንም «ብራ» ብለን ብንጠራቸውም፣ ለአትክልተኛ ግን ሁለቱ አንድ አይደሉም። በመጸው አትክልቱ የሚጠጣው ክረምቱ በአፈር ውስጥ ያስቀመጠውን ውኃ ነው። በበጋ የሚጠጣው ሰው ተሸክሞ ያመጣለትን ብቻ ነው። እንግዲህ የጓሮው እድገት በጥቅምት ስላማረ ብቻ በየካቲትም ያምራል ብሎ ማሰብ፣ ጎተራው ሙሉ ስለሆነ አይጎድልም እንደ ማለት ነው።

ሁለት ዓይነት አፈር፣ ሁለት ዓይነት ቀጠሮ

ከወረታ ተነሥቶ በጎንደር መንገድ ወደ አዲስ ዘመን የሚጓዝ ሰው፣ በመኪና አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላው ከአንድ ዓይነት አፈር ወደ ሌላው ይሻገራል። የፎገራ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው፣ ጣና ሐይቅን ከምሥራቅ የሚያዋስን ጥቁር አፈር ነው። ከጉና ተራራ የሚነሡት ርብና ጉማራ በየክረምቱ ደለል እያመጡ ያነጠፉት ነው። ጣራ ገዳም ያለበት ኮረብታ ደግሞ ከ2,100 ሜትር በላይ ይነሣል፤ በግርጌው ያሉት የአዲስ ዘመን አካባቢ ጓሮዎች በአብዛኛው ቀይና ቡናማ አፈር ያላቸው፣ ተዳፋትና ውኃ የማይቋጥሩ ናቸው።

ቀይ አፈር ውኃውን ቶሎ ስለሚያሳልፍ በመስከረም አጋማሽ ሊቆፈር ይችላል። ነገር ግን ያጠራቀመውንም ቶሎ ይጨርሳል። ስለዚህ ከጣራ ገዳም ግርጌ የሚኖር ሰው ካሮትና ቀይ ሥሩን በመስከረም መጨረሻ ዘርቶ፣ ቆስጣና ጎመኑን በጥቅምት መጀመሪያ ተክሎ፣ ዝናቡ የተወውን እርጥበት ትኩስ ሳለ ቢጠቀምበት ይሻለዋል። አንድ ሳምንት ማዘግየት እዚያ ብዙ ያስከፍላል።

ጥቁሩ አፈር ጠባዩ የተለየ ነው። ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በመስከረም ቢቆፈር ጭቃው በዶማው ላይ ይለጠፋል፤ ተገልብጦም የደረቀ እንደሆነ እንደ ጡብ ይጠነክራል፤ ያን ጓል የሚያፈርሰው የሚቀጥለው ክረምት ብቻ ነው። ሲዘገይም ዶማው አይገባም። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለችው ጊዜ አጭር ናት፤ እንደ ዓመቱ ዝናብ በጥቅምት አጋማሽና በኅዳር መጀመሪያ መካከል ትውላለች። ጊዜው መድረሱን ለማወቅ ከአንድ ጣት ስንዝር ጥልቀት አፈር አውጥቶ በመዳፍ መጨበጥ ይበቃል። የተጨበጠው በአውራ ጣት ሲነካ ፍርክስክስ ካለ መቆፈር ነው፤ ከተጣበቀና ከተለጠጠ ሦስትና አራት ቀን መታገሥ ነው። በሜዳው ላይ መደቡን ከመሬቱ አንድ ስንዝር ከፍ አድርጎ መሥራትም ያስፈልጋል፤ ያልተጠበቀ የጥቅምት ዝናብ ቢመጣ ሥሩ በውኃ ታፍኖ እንዳይበሰብስ ነው።

ሽምብራው ሳይጠጣ የሚኖረው ለምንድን ነው?

በፎገራ ሩዝ ከገባ ብዙ ዓመት አይደለም። መዘራት የጀመረው በ1970ዎቹ ዓ.ም. ሲሆን፣ ዛሬ የብሔራዊ ሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል በወረታ ይገኛል። ሩዙ ከታጨደ በኋላ ገበሬው በዚያው ማሳ ላይ ሽምብራና ጓያ ይዘራል፤ ዝናብ ሳያገኝ፣ ውኃም ሳይጠጣ ያፈራል። ይህን ያየ ሰው «ሽምብራው ከበቀለ ሽንኩርቱ ለምን በአጠገቡ ይጠወልጋል?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ለጓሮ አያያዝ መሠረት ነውና ጥቂት እንቆይበት።

ጥቁር አፈር ከላይ ወደ ታች በሚደርቅበት ጊዜ የሽምብራ ሥር እርጥበቱን እየተከተለ ወደ ታች ይወርዳል። ከአንድ ሜትር በላይ ሊዘልቅ ይችላል። ስለዚህ ላዩ ተሰነጣጥቆ ሳለ እርሱ ከታች ይጠጣል። የሽንኩርት ሥር ግን አብዛኛው ከላይኛው 30 ሴንቲ ሜትር አይወርድም፤ ሰላጣም እንዲሁ። እነዚህ ከታች ባሕር ቢኖር እንኳ አይደርሱበትም። ለሽንኩርት የክረምቱ ውኃ የሚበቃው ለዐሥር ወይም ለዐሥራ ሁለት ቀን ያህል ነው፤ ከዚያ ወዲያ በሰው እጅ ይኖራል። ካሮት፣ ቆስጣና ጥቅል ጎመን በመካከል ናቸው። ዱባና ቲማቲም በደንብ ከተቆፈረ መሬት ላይ ሥራቸውን ወደ ታች ይሰዳሉ።

ከዚህ የሚገኘው ሥርዓት ቀላል ነው። ሥረ ጥልቁን ወደ ጓሮው ዳር፣ ሥረ አጭሩን ወደ ቤቱና ወደ ውኃው አቅርቦ መትከል። ዱባ፣ ቲማቲምና ሱፍ ከአጥሩ ሥር ይሁኑ፤ ሽንኩርት፣ ሰላጣና ካሮት እናት ከማድ ቤት ወጥታ እጅዋን የታጠበችበትን ውኃ ልትደፋባቸው በምትችልበት ቦታ ይሁኑ። በብዙ ቤት ግን የምናየው ተቃራኒው ነው። ጤና አዳሙና ጽጌረዳው በደጃፍ ይተከላሉ፤ ውኃ የሚፈልገው ሰላጣ ከጓሮው መጨረሻ ይጣላል።

ጓሮን በጀሪካን መለካት

መሬትን በእርምጃ፣ ማሳን በጥማድ መለካት ልማድ ነው። የበጋን ጓሮ ግን በጀሪካን መለካት ይገባል። ስሌቱ እንዲህ ነው። በዚህ አካባቢ በብራ ወራት ፀሐዩና ነፋሱ ከአንድ ቅጠላማ መደብ በቀን ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ውኃ ይወስዳሉ። አንድ ሚሊ ሜትር በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ማለት ነው። ስለዚህ ወርዱ አንድ ሜትር፣ ርዝመቱ አምስት ሜትር የሆነ መደብ ቅጠሉ ከሸፈነው በኋላ በቀን ከ20 እስከ 25 ሊትር ይፈልጋል፤ ይህም አንድ ጀሪካን ነው። ችግኝ ሳለ ግማሹ ይበቃዋል።

አንድ መደብ፣ በቀን አንድ ጀሪካን። አራት መደብ ያለው ቤተሰብ በሳምንት 28 ጀሪካን ውኃ ያስፈልገዋል ማለት ነው። በፎገራ ሜዳ ጥልቀት የሌለው የእጅ ጉድጓድ በግቢው ያለው ሰው ይህን ይወጣዋል። ከምንጭ የሚቀዳ ቤት ግን ማን ይሸከመው? አባትየው በጥቅምት መደቡን ሲቆፍር አልጠየቀም ይሆናል፤ በየካቲት ግን ጀሪካኑ የሚወድቀው በእናቲቱና ከትምህርት ቤት በተመለሰችው ልጅ ጀርባ ላይ ነው። ስለዚህ ባልና ሚስት መደቡን ከመቆፈራቸው በፊት አብረው ተቀምጠው፣ በየካቲት ወር በቀን ስንት ጀሪካን ለጓሮው ሊተርፍ እንደሚችል በቅን ልቡና ይቁጠሩ፤ ከዚያ ያን ያህል መደብ ብቻ ይሥሩ። ሁለት መደብ በደንብ የጠጣ ከአምስት መደብ የተጠማ ይልቅ ብዙ ያስገኛል።

ሲያጠጡም በየቀኑ ላዩን ከመርጨት ይልቅ በየሦስት ቀኑ የሦስት ቀኑን ድርሻ አንድ ጊዜ መስጠት ይመረጣል፤ ውኃው ወደ ሥሩ ይወርዳል፣ ሥሩም ይከተለዋል። ችግኝና ሰላጣ ግን ይህን አይችሉምና በየቀኑ ጥቂት ይስጧቸው። ሰዓቱ ማለዳ ይሁን። ሳህን የታጠበበት ውኃ ሳሙናው ቀላል ከሆነ ለዱባና ለአበባ ሥር ይሆናል፤ በጥሬው ለሚበላ ቅጠል ግን አይሆንም።

የሩዙ ገለባና የሸክላው ማሰሮ

ውኃውን ከማብዛት በፊት ያለውን ማቆየት ይቀድማል። በዚህ በኩል ፎገራ ከብዙ ወረዳዎች የተሻለ ዕድል አለው። የሩዝ ጭድ ለከብት መኖ ስለሚፈለግ ለጓሮ ማዋል ሁሉም ቤት የሚችለው ነገር አይደለም፤ በወረታ የሩዝ መፈልፈያ ወፍጮዎች ደጃፍ የሚከመረው ገለባ ግን ከብት ብዙም አይወደውም። ያን በሁለት ጣት ውፍረት በተክሎቹ መካከል መጎዝጎዝ አፈሩን ከፀሐይ ይሸፍናል፣ አረምንም ይከለክላል፣ ጥቁሩ አፈርም ቶሎ አይሰነጠቅም። ከአፈሩ ጋር መደባለቅ ግን አይገባም፤ ጥሬ ገለባ ለመበስበስ ጊዜ ይፈጃል፣ በዚያም ጊዜ ተክሉ የሚፈልገውን ምግብ ይሻማል።

በጣራ ገዳም ግርጌ የሚኖሩት «የሩዝ ገለባ ከየት እናምጣ?» ይሉ ይሆናል። የባቄላ ገለባ፣ የጤፍ እብቅ፣ የታረመ አረም ዘር ሳይዝ ይሆናል። አንድ ነገር ግን አጥብቀን እንናገራለን፤ ከገዳሙ ደን ቅጠል ጠርጎ ማምጣት አይገባም። ወይራው፣ ብሳናው፣ አጋሙና ሰሳው በዚያ ኮረብታ ላይ የቆዩት የገዳሙ መነኮሳትና ሕዝቡ ስላከበሯቸው ነው። በደቡብ ጎንደር ከአየር ላይ የሚታዩት አረንጓዴ ነጠብጣቦች አብዛኞቹ የኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት ደኖች ናቸው፤ የወደቀው ቅጠል የዚያ ደን ምግብ ነው።

ስለ እምቦጭም የሚጠይቁ አሉ። ይህ አረም በጣና ላይ መታየቱ ከተነገረበት ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ የፎገራን ዳርቻ ብዙ አስቸግሯል። ተነቅሎ ብስባሽ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ዘሩ በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። አበባ የያዘውን ወደ ጓሮ አለማምጣት ነው፤ በተለይ ጓሮው በቦይ ከወንዝ ጋር የሚገናኝ ከሆነ።

ሌላው ዘዴ ያልተለሰነ የሸክላ ማሰሮ እስከ አንገቱ በመደቡ መካከል ቀብሮ ውኃ መሙላትና አፉን መክደን ነው። ሸክላው ውኃውን በቀስታ ያስተላልፋል፤ አፈሩ ሲደርቅ ይሰጣል፣ ሲረጥብ ይይዛል። በቻይና ከክርስቶስ ልደት በፊት በአንደኛው ምዕት ዓመት በተጻፈ የእርሻ መጽሐፍ ይህ ዘዴ ተገልጾአል። ለዱባና ለቲማቲም እጅግ ይስማማል። የቅዱስ በነዲክቶስ ሕግ በ66ኛው ምዕራፍ ገዳሙ ውኃውንም ወፍጮውንም አትክልቱንም በቅጥሩ ውስጥ እንዲይዝ ማዘዙ መነኮሳቱ ወደ ውጭ ወጥተው እንዳይዞሩ ነው፤ ለእኛም ሩቅ የሚቀዳ ውኃ የሰውን ቀን ይበላል።

እድገቱን መከታተል

የጓሮ እድገት በዓይን ብቻ አይታወቅም። አንድ ደብተር ይዞ የተዘራበትን፣ የተዛወረበትንና የመጀመሪያው ፍሬ የተለቀመበትን ቀን መጻፍ ያስፈልጋል። ለምሳሌ ሽንኩርትን እንውሰድ። ቦምቤይ ቀይ ወይም አዳማ ቀይ የተባለው ዘር በችግኝ መደብ ላይ ከ45 እስከ 55 ቀን ይቆያል። ከዚያ በመስመርና በመስመር መካከል 20፣ በተክልና በተክል መካከል 10 ሴንቲ ሜትር ተርቆ ይዛወራል፤ በአምስት ካሬ ሜትር መደብ 250 ያህል ይገባል። ራሱን ሲያበጥ ውኃ አጥብቆ ይፈልጋል፤ ቅጠሉ እኩሌታው ሲወድቅ ግን ማጠጣቱን ማቆም ነው። በዚያ ጊዜ ያጠጣ ሰው ሽንኩርቱ በጎተራ ይበሰብስበታል።

ሆኖም ለጓሮ ሽንኩርት ብዙ መሬት መስጠት እኛ አንመክርም። በፎገራ በፓምፕ የሚለማው ሽንኩርት በአንድ ወቅት ገበያ ሲገባ ዋጋው እንዴት እንደሚወድቅ ማንም ያውቃል። ርካሽ ሆኖ የሚገዛውን ነገር በጀሪካን ማጠጣት ድካም ነው። ቆስጣ በተዘራ በሁለት ወር ገደማ መቆረጥ ይጀምራል፤ ውጭ ውጭውን ቅጠል ብቻ እየለቀሙ ልቡን ቢተዉለት ዐቢይ ጾምን በሙሉ ያበላል። ካሮትና ጎመን ጋር ሲሆን በጾም ወራት ሽሮ ብቻ ለሚበሉ ሕፃናት ዓይንና ጤና ትልቅ ድጋፍ ነው።

ድንችም ለጓሮ ይሆናል። ከ1837 ጀምሮ በሀገራችን ኖሮ በ1878 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) በዓድዋ ያረፈው፣ በሀገራችን ሳለም ካቶሊክ የሆነው ጀርመናዊው የዕጽዋት ተመራማሪ ቪልሄልም ሺምፐር፣ ድንችን ወደ ኢትዮጵያ ያስገባ ሰው ተብሎ ይጠቀሳል፤ ዘመኑም 1858 እንደ ሆነ ይነገራል። የሰሳ አንዱ ዓይነት በላቲን ስሙ እስከ ዛሬ ሺምፔሪያና እየተባለ በእርሱ ስም ይጠራል።

ብራው ከተክል በሽታ ጥቂቱን ያስታግሣል፤ በዝናብ የሚበረታው የድንችና የቲማቲም ቅጠል ማቃጠል በፀሐይ ይቀንሳል። ነፍሳቱ ግን ይበዛሉ። ክሽክሽ በጎመን ቅጠል ሥር ይከማቻል፤ በጣት ጠርጎ በውኃ ማጠብ ሲጀምር ይበቃል። ቱታ አብሶሉታ የተባለው የቲማቲም ጠላት በ2004 ዓ.ም. ወደ ሀገራችን ከገባ ወዲህ በበጋ ያይላል፤ በቅጠሉ ላይ ነጭ ጠባሳ የመሰለ መንገድ ሲታይ ቅጠሉን ቆርጦ ማቃጠል እንጂ በብስባሽ ጉድጓድ መጣል አይደለም። ለገበያ በሚለማው ማሳ ላይ የሚረጨውን መድኃኒት ተርፎአልና ለጓሮውም ይሁን ማለት ግን ከባድ ስሕተት ነው። ነገ ሕፃን ቀጥፎ የሚበላውን ቅጠል ዛሬ መርዝ መርጨት ነው፤ ያ መድኃኒት የነበረበት ዕቃም ታጥቦ ውኃ መቅጃ ሊሆን ከቶ አይገባም።

ስለ ጤናም አንድ ቃል። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከምና በፎገራ ካላዛር ተቀስቅሶ፣ መጀመሪያ ወባ መስሎ ብዙ ሰው እንደ ጎዳ የምታስታውሱ አላችሁ። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በተሰነጠቀ ጥቁር አፈር ውስጥ ትጠለላለች፣ በሌሊትም ትናከሳለች። ስለዚህ አትክልት ለመጠበቅ በጓሮው ሜዳ ላይ የሚያድር ሰው ያለ አጎበር አይደር። ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ትኩሳት፣ ክሳትና የሆድ ማበጥ ያየ ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። የውኃ በርሜልንም መክደን ነው፤ የወባ ትንኝ በውስጡ ትራባለችና።

ስለ አበባው

አበባን እንደ ትርፍ የሚቆጥር አለ። ነገር ግን የጥቅምቱ አደይና ኑግ ካለፈ በኋላ ንብ የምትቀስመው በጥቂቱ ነው፤ በአትክልቱ መካከል ያለ አበባ ንቡን ወደ ዱባውና ወደ ቃሪያው ይጠራል። ለቤተ ክርስቲያን መንበር የሚሆነውንም በፕላስቲክ አበባ ከመተካት ይልቅ ከጓሮ ማምጣት ይበልጣል እንላለን።

ለዚህ ግን ከበዓሉ ወደ ኋላ መቁጠር ያሻል። ዚኒያ ከተዘራ ከ60 እስከ 70 ቀን ውስጥ ያብባል፤ ጽጌረዳ ከተገረዘ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይፈልጋል። ለፋሲካ አበባ የሚሻ ካቴኪስት የዓመቱን ባሕረ ሐሳብ አይቶ፣ ዐቢይ ጾም እንደ ገባ ጽጌረዳውን ቢገርዝ፣ ዚኒያውንም ከዚያ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ ቢዘራ ይደርስለታል። ያረጀውን አበባ እየቆረጡ መጣል አዲሱን ያስከትላል፤ ለዘር የሚሆኑትን ሁለትና ሦስት ራሶች ብቻ በእንጨታቸው ላይ እንዲደርቁ መተው ነው።

የአበባውን ዘር በወረቀት ጠቅልሎ፣ ቀኑንና ስሙን ጽፎ፣ ጢስ በማይደርስበት ደረቅ ቦታ ማስቀመጥ ለሁለትና ለሦስት ዓመት ይበቃል። የሽንኩርት ዘር ግን ቶሎ ያረጃል። ካለፈው ዓመት የተረፈ ያለው ሰው በችግኝ መደቡ ላይ ከመዝራቱ በፊት 20 ፍሬ ቆጥሮ በእርጥብ ጨርቅ ይጠቅልል፤ በዐሥር ቀን ውስጥ ከሃያው ዐሥራ አራቱ ካልበቀሉ አዲስ ዘር መግዛት ነው።